ከባሕር ዳር ወደ ጉና በሳይክል፦ መንገድ የሚመረጠው በዳገቱ ነው ወይስ በመኪናው?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ናችሁ? ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናት። ተማሪው ይነዳል፣ አናጢው መጋዙን ከኋላ አስሮ ይነዳል፣ ገበያ የምትሄደዋም ትነዳለች። ከአባይ ማዶ አልፎ፣ ስንቅና ልብስ ጭኖ፣ ውጭ አድሮ የሚመለስ ሰው ግን ከስንት አንዴ ነው። እሱም ቢሆን ቀጥ ብሎ የጎንደርን አስፋልት ይይዛል። ቢያንስ እስከ አዲስ ዘመን ብዙ ዳገት ስለሌለው ይቀላል ብሎ ያስባል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ለሳይክል ጉዞ መንገድ መመረጥ ያለበት በዳገቱ ልክ ሳይሆን በመኪናው ብዛት ነው። ዳገት ቢበዛ ያዘገይሃል። ቀላሉን ማርሽ ታስገባለህ፣ ትረግጣለህ፣ ካቃተህ ወርደህ ትገፋለህ። ጥሩምባውን እያንባረቀ ትከሻህን ታክኮ ለሚያልፍ ተሳቢ ግን መላ የለውም። የእኔ ምርጫ ይሄ ነው፦ እስከ ወረታ ያለውን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በማለዳ መጨረስ፣ እዚያ ወደ ቀኝ መታጠፍ፣ ከዚያ ቻይኖች በደርግ ዘመን በሠሩት የወልድያ መንገድ መውጣት። ወረታ እንደ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከ42 ኪሎ ሜትር ያህል በኋላ ያለችው ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። ልብ ያለው በጋሳይና በክምር ድንጋይ አድርጎ፣ ጉናን በስተቀኝ እያየ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለችው ነፋስ መውጫ ይቀጥላል። መኪና አልፎ አልፎ ይመጣል እንጂ እንደ ጎንደሩ መስመር አይከታተልም። የራስህን ትንፋሽና የካቴናህን ድምፅ እየሰማህ ነው የምትወጣው። ይሄን የመሰለ መንገድ ደጃችን ላይ ተቀምጦ አለመንዳታችን ያስቆጨኛል።

ምን ትላላችሁ? በዚህም ሆነ በሌላ ጸጥ ባለ የተራራ መንገድ የነዳችሁ ጻፉ።

(መልሶቹ ስለበዙና አንዳንዶቹ ስለረዘሙ፣ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲቀለው እኔው በተራ ቁጥራቸው አሳጥሬ አስቀምጫቸዋለሁ።)

1ኛው መላሽ በጣም ጨዋ ነው። አመስግኖ ጀመረ፣ በሐሳቡም ተስማማ። እሱ የጨመረው የሰዓቱን ነገር ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ የወጣ ሰው ሐሙሲትን ገና በብርዱ ያልፋል፤ የፎገራን የሩዝ ማሳም ፀሐይዋ ሳትበረታ ይጨርሳል። 1 ሰዓት ተኩል ላይ የወጣ ግን ዳገቱን በቀትር ነው የሚጀምረው። አርፍዶ የተነሳ ሰው ወረታ አድሮ በማግስቱ ቢወጣ እንደሚሻል መክሯል። በጨለማ ለሚወጣ ደግሞ የኋላ ቀይ መብራት ግድ ነው ብሏል። ይሄን ሁላችሁም ያዙልኝ።

2ኛው አንድ መስመር ጥያቄ ነው። ያለ ማርሽ ሳይክል፣ ማለትም ከተማ ውስጥ አብዛኞቻችን የምንነዳው፣ ያንን ዳገት ይወጣ እንደሆነ ጠየቀ።

3ኛው መልስ ከጠቅላላው ውይይት እኔ በጣም የወደድኩት ነው። የጻፈው ልጅ ጎሚስታ ነው፣ ሳይክልም ይጠግናል። ይወጣል ወይ አይወጣም ብሎ ከመከራከር ጥርስ ቆጥሮ አስላልን። 26 ቁጥር ጎማ አንዴ ሲዞር 2 ሜትር ከ7 ሳንቲም ያህል ይሄዳል። ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ ያለው ሳይክል ፔዳሉን አንድ ሙሉ ዙር ስትረግጥ 5 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ሜዳ ላይ ግሩም ነው። ዳገት ላይ ግን ጭነትህን ይዘህ በአንድ ዙር 5 ሜትር መግፋት ጉልበት ይሰብራል። ከፊት 22፣ ከኋላ 34 ጥርስ ላይ ያለ ባለ ማርሽ ሳይክል በአንድ ዙር የሚሄደው 1 ሜትር ከ34 ሳንቲም ብቻ ነው። በደቂቃ 60 ጊዜ ብትረግጥ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። የእግረኛ ፍጥነት ነው። ግን ተቀምጠህ፣ ሳታለከልክ፣ ቀኑን ሙሉ ልትረግጠው ትችላለህ። ስለዚህ ሳይክል ለመግዛት የምትሄዱ ሰዎች፣ ባለ 21 ማርሽ ነው የሚለውን ወሬ ትታችሁ የፊቱን ትንሽ ጥርስና የኋላውን ትልቅ ጥርስ ራሳችሁ ቁጠሩ ብሏል። ያረጀ ካቴና ተስቦ ስለሚረዝም አዲሱን ጥርስ ይበላዋል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ መቀየር ይሻላል ሲልም አክሏል።

4ኛው የ2ኛው ሰው ምስጋና ነው። ያለውን ሳይክል አልሸጠም፤ የኋላውን ጥርስ ለማስቀየር ወስኗል። ደግ አድርጓል።

5ኛው ላይ ድምፁ ትንሽ ከረር አለ። መላሹ በእኔ ቁጥር አልተደሰተም። በ42 ኪሎ ሜትር 900 ሜትር ማለት በአማካይ በመቶ ሜትር 2 ሜትር ነው፤ ይሄን ያየ ጀማሪ ቀላል ነው ብሎ ይወጣና ይቀልጣል ነው ነገሩ። አማካዩ አያሳይም እንጂ መንገዱ እስከ ዓለም በር ለዘብ ያለ ነው፣ ጉዱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በመካከልም ቁልቁለት አለ። የወጣኸውን ሜትር ትመልስና እንደገና ትወጣዋለህ። ልክ ነው። ለዳገት የሚጠቅመው አማካዩ ሳይሆን በጣም የቆመችው ኪሎ ሜትር ናት። በኪሎ ሜትር 80 ሜትር የምታስወጣ ቦታ ላይ ሲደርሱ ነው የ3ኛው መልስ ስሌት ዋጋው የሚታየው።

6ኛው መላሽ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። እኛ ስለ ሳይክል ስናወራ እሳቸው መንገዱን ወደ አፄ ቴዎድሮስ ዘመን ይዘውት ሄዱ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ እንደሚመዝን፣ ንጉሡም ያንን መድፍ ገደል እየናዱ መንገድ እያስጠረጉ በጨጨሆ በኩል እስከ መቅደላ እንዳስጎተቱት፣ ወራት እንደፈጀም ጻፉ። መቅደላ የደረሰው የ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ ከመግባቱ በፊት ነው። ዛሬ ነፋስ መውጫን አልፎ ወደ ጋሸና የሚነዳ ሰው ጨጨሆን ያልፋል። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ከዚህ በኋላ እዚያ ዳገት ላይ ስለ ጭነቴ አላማርርም።

ከ7ኛ እስከ 9ኛ ያሉት ከርዕሱ ወጡ። አንዱ ስለ መድፉ ክብደት ተከራከረ፣ ሌላው መቅደላ ላይ ተኮሰ አልተኮሰም ወደሚለው ገባ፣ ሦስተኛው ወደ ሳይክሉ እንድንመለስ ለመነ።

10ኛው መልስ ግን ሁሉንም ዝም አሰኘ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በዚህ ክልል ሰው ታማሚ ይዞ እንኳ መንገድ መውጣት ሲፈራ፣ እኛ ስለ ጥርስና ስለ ዳገት ማውራታችን እንዳሳመመው ጻፈ። ሥራ ፈቶች ብሎናል። ሌላም ከበድ ያለ ቃል አለበት፣ አልደግመውም።

11ኛው የእኔ መልስ ነው። ወንድምዓለም፣ ቁጣህ ይገባኛል አልኩት። ማንንም ዛሬ ተነስና ውጣ አላልኩም፣ አልልምም። የአንድ መስመር ወሬ የሚታወቀው መናኸሪያ ሄዶ በዚያው ቀን ከዚያ የመጡ ሹፌሮችን በመጠየቅ ነው። ሚኒባስ ያልወጣበትን መንገድ ሳይክል አይሞክረውም። ግን መንገዱ የእኛ ነው። የት ውሃ እንዳለ፣ የትኛው ኩርባ እንደሚጥል፣ የት ማደር እንደሚቻል የሚያውቀው ሰው ካልጻፈው፣ ሰላም ሲሆን የሚወጣው ልጅ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ድሮ ከካይሮ ወደ ኬፕ ታውን የሚነዱ ፈረንጆች በጎንደር በኩል መጥተው ባሕር ዳር ያርፉ ነበር። ስለ መንገዳችን ሲጽፉ የኖሩት እነሱ ናቸው። እኛም እንጻፍ።

12ኛው ላይ ያው ሰው ተመለሰ። ለስለስ ብሏል። ታናሽ ወንድሙ ሹፌር እንደሆነና ለእሱ እንደሚሰጋ ነገረን። ስለ መንገዱ ግን አሁንም ቢሆን ዝምታ እንደሚሻል ያምናል። እዚህ ላይ ሳንስማማ ቀረን፣ ግን በመከባበር።

13ኛው የጎሚስታው ልጅ ሁለተኛ መልስ ነው። ስለ መውጣቱ ብቻ አወራን፣ ሰው የሚጎዳው ሲወርድ ነው አለ። እኔ ከመነሻው ማንሳት የነበረበት ሐሳብ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ስለዚህ በደንብ ላስቀምጠው። ሰውየው፣ ሳይክሉና ጭነቱ አንድ ላይ 100 ኪሎ ቢሆኑ፣ ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ 900 ሜትር ሲወርዱ የሚለቁት ጉልበት 2 ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል። ቀሪው ወደ ሙቀት ተቀይሮ ፍሬኑና ቸርኬው ላይ ያርፋል። ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ሳይለቅ ይዞ የሚወርድ ሰው ቸርኬውን ያግላል፣ ውስጥ ያለው ከመነዳሪም ሊፈነዳበት ይችላል። መፍትሔው ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርጎ ይዞ ፍጥነት መቀነስ፣ ኩርባው ላይ መልቀቅ፣ ቀጥታው ላይ ማስተንፈስ ነው። ኩርባ ውስጥ ገብቶ የፊት ፍሬን መጭመቅ ደግሞ መውደቅ ነው። ቸርኬው አልሙኒየም ካልሆነ፣ ማለትም የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ ከሆነ፣ ዝናብ ሲነካው ፍሬኑ የሚይዘው በጣም ዘግይቶ ነው። በክረምት ከጉና ቁልቁል በእንዲህ ያለ ሳይክል እንዳትወርዱ ብሎ ለምኗል።

ከዚያ እጁ ላይ ያለውን ሥራ ነገረን። አንድ ደንበኛ ያመጣውን ሳይክል የፍሬን ጎማ አውልቆ አየው። ፊቱ ደርቆ አብረቅርቋል፣ ውስጡ የአልሙኒየም ፍንጣሪና አሸዋ ተሰክቶበታል። ሲጨመቅ የሚጮኸውና ቸርኬውን የሚፍቀው ያ ፍንጣሪ ነው። በመርፌ አንድ በአንድ ነቀለው። ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። መልሶ ሲገጥመው የፊተኛውን ጫፍ ለቸርኬው ትንሽ አስጠጋው፣ መጀመሪያ እሱ እንዲነካ። ጩኸቱ ጠፋ። ከቤት ሳይወጡ በሩብ ሰዓት የሚሠራ ነገር ነው።

14ኛው የዲስክ ፍሬን ይሻላል ብሎ ጻፈ። እውነት ነው፣ ቸርኬውን አያግልም። ግን ዲስኩ ከተጣመመ ነፋስ መውጫ ላይ ማን ያቃናልሃል? የጎማውን ፍሬን የትም ብትሄድ ታገኘዋለህ። እኔ ለዚህ መንገድ ተራውን እመርጣለሁ።

15ኛዋ መላሽ ሴት ናት፣ እስከ ደብረ ታቦር ነድታዋለች። እሷ ያነሳችው የልጆቹን ጉዳይ ነው። ዳገት ላይ በእግረኛ ፍጥነት ስትሄድ ልጆች ከጎን ከጎን ይሮጣሉ፣ ጭነት ይጎትታሉ፣ አንዳንዱም ድንጋይ ያነሳል። መላዋ ቀላል ነው። መንደር ስትገባ ከሳይክሉ ትወርዳለች። መጀመሪያ ሰላም የምትለው ትልልቆቹን ነው፤ እንደምን ዋላችሁ ብላ ውሃ ትጠይቃለች። ከዚያ በኋላ ልጆቹን የሚቆጣው የመንደሩ ሰው ነው። ሴት ብቻዋን መሆኗም ሰውን የበለጠ እንዲጠብቃት እንዳደረገው ጽፋለች።

16ኛው ቁጡ ነው። ድንጋይ ጀርባው ላይ አርፎበት ያውቃል፣ ስለዚህ የገጠሩን ሕዝብ ልጅ አያሳድግም ብሎ ጠቅልሎ ሰደበ። 17ኛው ደግሞ የጋሳይ ተወላጅ ነው፣ እሱም ባሰ። ሰላም ሳይል፣ መነጽር አድርጎ፣ ሰውን እንደ አጥር እያየ የሚያልፍ ከተሜ ምን ሊጠብቅ ነው ብሎ መለሰ። 18ኛው የመምህሩ ነው። ልጆቼ ብለው ጠርተው ሁለቱንም ገሠጹ። ድንጋይ መወርወር ነውር ነው፣ ሕዝብን በጅምላ መስደብም ነውር ነው አሉ። እኔ ከ15ኛዋ እህታችን ጋር ነኝ። የሳይክል ትልቁ ነገር ከሰው ጋር ፊት ለፊት መገናኘቱ ነው፣ ሰላም ለማለት ጊዜ የሌለው ሰው መኪና ይያዝ።

19ኛው ስለ አውሮፓ አመጣ። አልፕስ ላይ ካሉት አስፋልት መተላለፊያዎች ከፍተኛው የፈረንሳዩ ኢዘራን 2,764 ሜትር ነው፣ የጣሊያኑ ስቴልቪዮ 2,757። የዓለም ሻምፒዮኖች የሚፋለሙበት ጫፍ ከደብረ ታቦር ከተማ ብዙም አይበልጥም፣ ነፋስ መውጫ ደግሞ ከሁለቱም በላይ ናት። በርግጥ እነሱ የሚወጡት ከታች፣ ከሞቀው ሸለቆ ስለሆነ የሚወጡት ሜትር ይበዛል። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑንም አስታወሰ። 20ኛው ወዲያው ቀደም ያለውን ጨመረ። እነ ገረመው ደንቦባ በ1956 (እ.ኤ.አ.) በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ በሳይክል ተወዳድረዋል። ይሄ ታሪክ ከሩጫው ጥላ ሥር ተቀብሮ መቅረት አልነበረበትም።

21ኛው በደቡብ በኩል ያለውን መስመር ደገፈ። በመራዊና በዳንግላ አድርጎ እንጅባራ። እንጅባራ 2,500 ሜትር ላይ ብትሆንም ዳገቱ በመቶ ኪሎ ሜትር ተበትኖ ስለሚወጣ እግር ሳይሰማው ይደርሳል፣ መጨረሻ ላይም ዘንገና ሐይቅ አለ ባይ ነው። ለጀማሪ ጥሩ ነው። የአዲስ አበባ መስመር ስለሆነ ግን ጸጥታ አትጠብቁበት።

22ኛው ሁላችንንም ናቀን። ዳገት ካላችሁ ሊማሊሞ ነው፣ ካልሆነም አባይ በረሃ ነው አለ። ከደባርቅ ቁልቁል ጣሊያን የቀደደው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ከሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ እውነት ነው፣ ያስደነግጣል። አባይ በረሃም ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ግን አባይ በረሃ የነዳጅ ቦቴና ተሳቢ ፍሬኑ እየሸተተ የሚወርድበት ቦታ ነው። ለዝና የሚነዳ ይንዳው። እኔ ለማንም አልመክርም።

23ኛው ስንቅ ጠየቀ፣ መልሱ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ያሸነፈው በሶ ነው። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ ጾምም አይሽርም። ጨው ጣል ማድረግ ጥሩ ነው፣ በላብ ይወጣልና። 24ኛዋ ነርስ ነኝ ብላ ስለ ከፍታው ጻፈች። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው፣ ባሕር ዳር ላይ 80። እኛ ለሁለት ሦስተኛው ለምደናል ማለት ነው፣ ቢሆንም ደብረ ታቦር አንድ ሌሊት አድሮ መቀጠሉን ትመርጣለች። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የያዘው ሰው ካልተሻለው ቁልቁል ይመለስ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ጋቢ አይረሳ።

25ኛው እስካሁን የመጨረሻው ነው፣ መልስ ግን አላገኘም። በአዴት አድርጎ በሞጣ ወደ ቢቸና ያለውን፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ የሚያልፈውን መንገድ የነዳ ሰው ይፈልጋል። ጥያቄው ኮረኮንች ባለበት ቦታ ቀጭን ጎማ ይበቃል ወይስ ወፍራም ይፈልጋል የሚል ነው። ያ መስመር እኔንም በጣም ያጓጓኛል፣ ጸጥታውንም ሰምቼለታለሁ። በቅርብ ያለፋችሁ፣ በመኪናም ቢሆን፣ ያያችሁትን ከነወሩ ጻፉልን። ዝናብ ከመግባቱ በፊትና በኋላ አንድ ዓይነት መንገድ አይደለምና ወሩን አትርሱት።